ቀጄላና ውሃ የማይጠጣው ብሎኬት

ሀና ማርያም ከታክሲ ወርዶ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ቀጄላን ሳያይ አያልፍም። የተሾመች ብሎኬት ማምረቻ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። እሱም ከበሩ ባሻገር የሱሪውን እግር እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጥቁሩን የውሃ ጎማ ይዞ፣ የጎማውን አፍ በአውራ ጣቱ ገርበብ አድርጎ ውሃውን እንደ ካፊያ ሲበትን ይታያል። ሰላም ካሉት ጎማ በያዘው እጁ ሰላም ይላል፤ ጫማዎ ከራሰ ጥፋቱ የእርስዎ ነው።

ሥራው ይሄ ነው። ብሎኬት ከማሽን ስለወጣ ያለቀለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አላለቀለትም። ሲሚንቶ ውሃ ካልጠገበ ከላዩ ጠንከር ይልና ውስጡ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ከማግስቱ ጀምሮ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ይጠጣል። የሚያጠጣው ሰው ሰነፍ ከሆነ ብሎኬቱ ከመኪና ሲወርድ ጠርዙ ይረግፋል፣ ግንበኛው ይሳደባል፣ ስድቡም ዞሮ ዞሮ ባለቤቷ ዘንድ ይደርሳል። በቀጄላ አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስድብ ወደ ግቢው የመጣው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀጄላ ታሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ይሄን እሱ ራሱ አይናገርም። ሌላ ሰው እንዲናገርለት ግን ወሬውን ጠምዘዝ ማድረግ ያውቅበታል።

ከዚያ በፊት ገበሬ ነበር። የት አገር እንዳትሉኝ፤ እዚሁ። ዛሬ ፎቅ ቤቶች የተደረደሩበት፣ ሳተላይት ዲሹ እንደ እንጉዳይ የበቀለበት ዳገት የአባቱ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር። መሬቱ ለቤት ሥራ ሲፈለግ ሰዎች መጡ፣ ለኩ፣ ችካል ተከሉ፣ ሄዱ። ካሳ ተሰጠ፤ ካሳውም እንደ ካሳ ሁሉ አለቀ። ከዚያ ቀጄላ አንድ ዓመት ሙሉ እጁን አጣጥፎ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ የሚሄድበት የለውም። ሚስቱ ገላኔ፣ ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ጎመንና ቃሪያ እየሸጠች ቤቱን ያዘች። እሱ ያን ዓመት በዕድሜው ላይ እንደ ደረሰ በሽታ ነው የሚቆጥረው። ተሾመች ጠርታ ጎማውን እጁ ላይ ስታስይዘው ዳነ።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ተሾመች ባሏ ከሞተ ጀምሮ ግቢውን ብቻዋን የምትመራ፣ ሲሚንቶ በጠፋበት ዘመን ሁሉ ማሽኗን ሳታቆም የቆየች ሴት ናት። ቁጡ ናት፤ ቂም ግን አታውቅም። አንድ ቀን ሠራተኞቿን ሰብስባ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የመግባቢያ ሰነድ መፈራረሟን ነገረቻቸው። የመግባቢያ ሰነድ ደግሞ ስንቱን አይተናል። ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሲቆይ ባነሩ የዶሮ ቤት ክዳን ይሆናል። የዚህኛውም ባነር፣ «የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር ለላቁ የግንባታ ቁሶች» የሚለው፣ አጥሩ ላይ ሲሰቀል የማሽኑ ሠራተኛ ሮበሌ ዶሮ ባለማርባቱ እንደተቆጨ ተናግሮ ሁሉንም አሳቀ።

ይሄኛው ግን ተለየ፤ ዶክተር ሲና የምትባል ተመራማሪ መጣች።

ሲና ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በሁለት ታክሲ፣ ኃይሌ ጋርመንት ላይ እንደ ሰው ተሰልፋ፣ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ ትመጣለች። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ መጣች፤ በሁለተኛው ቀን ቦት ጫማ አድርጋ መጣች፤ ያኔ ቀጄላ በልቡ ይቺስ ሰው ናት አለ። እሱን «ጋሼ» ትለዋለች። እሱ «እርስዎ» ሲላት ግን ተቆጣች፤ አባቴ የሚሆን ሰው እንዲህ ካለኝ ነገ አልመጣም አለችው። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» ይላታል፤ ሲከብደው «ዶክተር» የሚለውን ይጨምርበታል።

ሦስት ዓመት የለፋችበት ነገር ሲሚንቶ የሌለበት ብሎኬት ነው። ፑሚስ የሚባለውን ያን ቀላል ነጫጭ ድንጋይ እንደ በርበሬ አልማ ታስፈጨዋለች። ዱቄቱን ሳሙና ሠሪዎች በሚያውቁት ኮስቲክ ሶዳና በሌላ በሚዝለገለግ ፈሳሽ ትለውሰዋለች። ከዚያ በጥቁር ላስቲክ ትሸፍነውና ፀሐይ ታበስለዋለች፤ እሱም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ላቦራቶሪ ውስጥ በቁራጭ በቁራጩ ሠርቶላታል። የቀረው በእውነተኛ ማሽን፣ በእውነተኛ ግቢ፣ በሠራተኛ እጅ መሥራቱን ማየት ነበር። እዚህ ከተሳካ የምርምሩን ገንዘብ የሚሰጠው ኮሚቴ ሁለተኛውን ዙር ይፈቅዳል። ካልተሳካ የሲና ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይሄን ሁሉ ነጭ ሰሌዳ ላይ እየሳለች አስረዳች። ተሾመች ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ሲሚንቶ ፍለጋ መዞር የለ፣ ውሃ በፈረቃ እስኪመጣ ሮቶ ሮቶ ማየት የለ! ሲና ደግሞ ሳቅ ብላ ቀጠለች።

«ይሄኛው ከማሽን ከወጣ በኋላ ውሃ አይጠጣም። እንዲያውም ውሃ ጠላቱ ነው። መድኃኒቱ ገና ሳይዝ ውሃ ካገኘው ያጥበዋል።»

ተሾመች የሚያጠጣ ሰው አያስፈልግም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሲና አዎ፣ አያስፈልግም አለች። ተሾመች ጻፈችው።

ማንም ወደ ቀጄላ አልዞረም። ክፋት አይደለም፤ ማንም አላሰበውም። እሱ ከኋላ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ፤ ሰሌዳው ላይ ብሎኬት ተስሏል፣ ፀሐይ ተስላለች፣ ላስቲክ ተስሏል። ሰው አልተሳለም። ያ ደጁ ላይ የተቀመጠበት ዓመት መጥቶ ከጎኑ ባልዲው ላይ የተቀመጠ መሰለው።

ለሰው አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ በደስታ ቤት መሀል ስለ እኔስ ብሎ መነሣት ያሳፍራል። ሥራውን ቀጠለ።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ ሐሙስ ብሎኬቶቹ ተመረቱ። ስድሳ ናቸው፤ አሥር ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት። ሲና በእያንዳንዱ ላይ የረድፉን ቁጥር በቀለም ጻፈች። በምሥራቁ ግድግዳ ሥር ተደርድረው በጥቁር ላስቲክ ተሸፈኑ፤ ለሃያ ስምንት ቀን ማንም እንዳይነካቸው ተባለ። ማን ይጠብቃቸው ሲባል ሲና ሳታመነታ ጋሼ ቀጄላ አለች። ከጠዋት እስከ ማታ ግቢ ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ እሑድ እንኳ ከቅዳሴ መልስ መጥቶ ተራውን ብሎኬት ያጠጣል። ቁልፉም እሱ ጋ ነው። በዚያ ላይ ሲና ትወደዋለች። ብሎኬት በጣቱ አንኳኩቶ ስንት ቀን እንደሆነው ሲነግራት ተሳስቶ እንዳይሆን ብላ ደብተሯን ገልብጣ ታይ ነበር፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አላገኘችውም። ምሳዋን ከእሱ ጋር ነው የምትበላው። እሱ የሚያመጣውን የገላኔን ጎመን ትበላና የእሷን ፓስታ ትሰጠዋለች፤ እሱ ፓስታ አይወድም፣ ግን ይበላል።

«አደራ ጋሼ» አለችው ያን ሐሙስ ስትሄድ። አደራውን ተቀበለ።

እሑድ መጣ። ቀጄላ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን እንዳጣፋ መጣና ተራዎቹን ብሎኬቶች አጠጣ። ግቢው ጭር ብሏል፤ ማሽኑ ቆሟል፤ የጥር ፀሐይ አናት ትበሳለች። ጎማውን እየጎተተ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ሄደ። ላስቲኩን ገለጥ አደረገ። ብሎኬቶቹ ደርቀው፣ አመድ መስለው፣ እንደ ፍም ግለው ተደርድረዋል። አሥራ አንድ ዓመት ውሃ የሰጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እጁ ዝም ብሎ አይቆምም።

በኋላ ሰው ሁሉ እጁ ለምዶበት ነው አለ። እጁ ለምዷል፣ አልዋሽም። ግን ቀጄላ ጎማውን ሲያነሣ የሲና ቃል አንድ በአንድ ጆሮው ላይ ነበር። ያጥበዋል ብላለች። እንግዲያው ይታጠብ አለ በልቡ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የፈራ ሰው እጅ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ይሄ ብሎኬት ካልሠራ ተራው ብሎኬት ይቀጥላል፤ ተራው ከቀጠለ ውሃው ይቀጥላል፤ ውሃው ከቀጠለ እሱም ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ይኖረዋል። ይህችን ነው ያሰላው። አንደኛውን ረድፍ አጠጣ፣ ሁለተኛውን አጠጣ፣ ሰባተኛውን ጨረሰ። ስምንተኛው ላይ ጎማው ተንፈራገጠና ዝም አለ። ውሃ ሄደች። በሰፈራችን ውሃ መቼ እንደምትሄድ የምታውቀው ራሷ ብቻ ናት።

ቀጄላ ጠብ ጠብ የሚል ጎማ ይዞ ቆመ። ያኔ ነው ምን እንደሠራ የገባው። ላስቲኩን መልሶ አለበሰ፣ ድንጋዩን ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጫነ፣ ጎማውን ጠቀለለ፣ በሩን ቆልፎ ወጣ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰላም ያሉትን ሰዎች ማንነት አላስታወሰም።

ሲና ማክሰኞ ስትመጣ ብዙዎቹ ብሎኬቶች ላይ ነጭ ነገር ወጥቶ አየች፤ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። ጎንበስ ብላ በጣቷ ጠረገችው። ዝናብ ጥሎ ነበር ወይ ብላ ቀጄላን ጠየቀችው። ጠብ አላለም አላት። እውነቱን ነው፣ ጠብ አላለም። እሷም አመነች፤ ምናልባት ልውሱ ላይ ኮስቲኩ በዝቶ ይሆናል ብላ ደብተሯ ላይ አሰፈረች። እሱ ግን ያቺን እውነት የምትመስል ውሸት ተሸክሟት ሰነበተ። ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ አለብኝ እያለ ይርቃት ጀመር። ፓስታው ቀረለት፤ ደስ ግን አላለውም።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ከየረድፉ ሦስት ሦስት ተመርጦ በአይሱዙ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጫነ። ለመጫንና ለማውረድ ቀጄላና ሮበሌ አብረው ሄዱ። ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ግዙፍ መጭመቂያ ማሽን አለ፤ የረድፉን ተራ ሳይጠብቁ ብሎኬቱን መሀሉ አስገብተው ይጫኑታል፣ እስኪሰበር። ቀጄላ ብሎኬት ሲሞት አይቶ አያውቅም። ዝም ብሎ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ጠሽ ይላል። ከላይ የጥንካሬው ቁጥር ይወጣል። አራት መድረስ የነበረበት ነገር ሁለትም አልሞላ አለ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። አልፎ አልፎ አንዱ አምስት ይመታና ሲና ቀና ትላለች፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላው ዱቄት ይሆናል። ሠላሳው ተሰብሮ ሲያልቅ እጇን ለመታጠብ ሄደች። ቧንቧው ሥር ብዙ ቆየች። እጇ ግን ቀድሞም ያን ያህል አልቆሸሸም ነበር።

የኮሚቴው ቀጠሮ ለሚቀጥለው ዓርብ ነው። ሲና ሰኞ ግቢ መጥታ ለተሾመች በሰው ፊት ነገረቻት። ውጤቱ እንደማያስተማምን፣ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው እንደሚዘል፣ የዘለለበትን ምክንያት እንዳላወቀች፣ ያላወቀችውን ነገር ደግሞ አውቃለሁ ብላ መቅረብ እንደማትችል አስረዳች። አልተሳካም ብዬ እጽፋለሁ አለች። ድምጿ አልተሰበረም። ቀጄላ የፈለገው ይሄን አልነበረም? ይሄንኑ ነበር የፈለገው። ይኸው ሆነለት። ታዲያ ለምንድን ነው ያን ማታ እራቱ አልወርድ ያለው?

ገላኔ ፊቱን አይታ ለቀቅ አላደረገችውም። ቀስ እያለ ሁሉንም ነገራት፤ እሑዱን፣ ጎማውን፣ በልቡ ያለውንም ጭምር። አልጮኸችበትም። ገላኔ የምትጮኸው በትንሽ ነገር ነው፤ ትልቅ ነገር ሲሆን ትረጋጋለች።

«ነገ ጠዋት ሄደህ ትነግራታለህ» አለችው። «አጠጣሁት በል። ለምን ካለችህ ልማድ ነው በላት። ከዚያ በላይ ማን ይጠይቅሃል?»

እውነቷን ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። በማግሥቱ ሲና ባነሩ ሥር ወረቀቶቿን ስትሰበስብ አጠገቧ ቆመ። እሑድ ውሃ እንዳጠጣቸው ነገራት። እጄ ለምዶብኝ ነው አላት። ፊቷ ተቀያየረ፤ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ተናደደች፣ ከዚያ ድንገት ዓይኗ በራ። የትኛውን ረድፍ እንዳጠጣ ጠየቀችው። ከአንድ እስከ ሰባት፣ ከዚያ ውሃ ሄደች አላት። ወረቀቷን አገላብጣ በጣቷ ቁልቁል ወረደች። ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት ሁሉም ረግፈዋል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፤ ዘጠኙም ብሎኬት ከአራት በላይ ነው። አንድም አልዘለለ። ሲና ቀጄላን አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ሥራሽን ትተሽ ሰው መሳም ጀመርሽ እንዴ ብላ ተሾመች ከቢሮ ወጣች። ነገሩ ሲነገራት ተቆጣችና ሦስት ደቂቃ ያህል አፏን ከፈተች፤ ሲወጣላት ግን እሷም ሳቀች። የለመደ እጅ አለች። ሮበሌም ለሳምንት ያህል ውሃ የሚጠጣ ሰው ባየ ቁጥር፣ ጋሼ ቀጄላ አይይህ፣ ብሎኬት ያጠጣብሃል እያለ አሳቀ።

ይቅርታው እንዲህ ቀለል ብሎ መጣ። ቀጄላን የከበደው እሱ ነው።

ዓርብ ዕለት ኮሚቴው ፊት ሲና እሱንም ይዛው ሄደች። በትልቁ ስክሪን ላይ ሁለት መስመር አሳየች፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። የዘመናት የሥራ ልማድ እንዴት ሳይንስን ሊያበላሽ እንደሚችል፣ የሠራተኛው ሐቀኝነት ደግሞ እንዴት ሊያድነው እንደሚችል ተናገረች። ቀጄላ እንዲነሣ ተጠየቀ። ተነሣ። ክራባት ያሰሩ ሰዎች አጨበጨቡለት። አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ትሕትና መሰላቸውና ጭብጨባው በረታ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ሁለተኛው ዙር ተፈቀደ።

ሁለተኛውን ዙር በሚያዝያ ሠሩት። ይሄን ጊዜ ቀጄላ እንደ አራስ ጠበቃቸው። የበልግ ዝናብ አንድ ከሰዓት ዱብ ዱብ ሲል ከላስቲኩ ላይ የመኪና ሸራ ጨመረበት፣ ሸራውን ንፋስ እንዳያነሣው ዝናቡ እስኪያባራ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። እስከ አጥንቱ ራሰ፤ ብሎኬቶቹን ግን ጠብታ አልነካቸውም። ፍርሃቱ ሄዶ አይደለም፤ አለ። ግን የልጅቷን ፊት በቧንቧው ሥር አይቷል፤ ሁለተኛ ሊያየው አልቻለም። ውጤቱ ሲወጣ ከተሰበሩት አንድም ከአራት በታች አልወረደም። ተሾመች የግቢዋን ግማሽ ለአዲሱ ብሎኬት ልታደርገው ወሰነች፤ በክፍለ ከተማው ከጎፋ እስከ ሀና ማርያም ያሉ ሌሎች አሥራ ሁለት ማምረቻዎችም ሥልጠና ይሰጠን አሉ። ግቢው በደስታ ሞላ። ቀጄላ ያንኑ ጎማውን ይዞ፣ በቀረው ግማሽ ላይ ውሃውን እየበተነ፣ የግማሽ ግማሽ መቼ እንደሚሆን ያስብ ነበር።

ሰኔ ገባ። አንድ ጠዋት ሲና ለአሥራ ሁለቱ ማምረቻዎች የሚሰጠውን መመሪያ ይዛ መጣች። ከመታተሙ በፊት ጋሼ ይስሙልኝ አለችና ከተደረደረው ብሎኬት ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። አንደኛውን ነጥብ አነበበችለት።

«ውሃ አጠጪ ሠራተኞች በልማድ ምክንያት ውሃ እንዳያጠጡ በቂ ግንዛቤ ማስጨበጥ።»

ቀጄላ ጎማውን መሬት ላይ አስቀመጠና ሄዶ ውሃውን ዘጋ። አሥራ ሁለቱን ሰዎች አብዛኞቹን በስም ያውቃቸዋል። የጎፋው ለሜሳ አብሮት ያረሰ ሰው ነው። እነዚህን ሰዎች ወንበር ላይ ደርድረው፣ ለስላሳ እያጠጡ፣ ግንዛቤ ሊያስጨብጧቸው ነው። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ግንዛቤውማ ነበረኝ» አለ።

ሲና አልገባትም።

«ያልሽው አንድም አልጠፋኝም ነበር። ያጥበዋል ብለሻል። ይታጠብ ብዬ ነው ያጠጣሁት። ልማድ አይደለም፣ አውቄ ነው።»

ሲና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ለምን ብላ አልጮኸችም፤ ዞራ አየችው። እሱ ደግሞ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ ለራሱ ጣቶች የሚናገር ይመስል ነበር።

«እሱ ውሃ ካልጠጣ፣ እኔ ጠዋት ተነሥቼ ወዴት እሄዳለሁ?»

ተናደደችበት፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ሦስት ዓመቷን ነው የነካባት። ኮሚቴው ፊት ቆማ ያልሆነ ነገር እንድትናገር አድርጓታል። ጉንጯ ቀላ፣ ተነሣች፣ እስከ በሩ ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ መንገዱን አየች። ከዚያ ተመለሰችና እዚያው ብሎኬት ላይ ተቀመጠች። እስክሪብቶዋን አውጥታ አንደኛውን ነጥብ ሰረዘችው፤ መስመሩ ወረቀቱን ሊቀድደው ደረሰ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ቀጄላ የተሰረዘውን መስመር በጣቱ ጠቆመ።

«ሰውዬው ከዚያ በኋላ ሥራው ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ንገሩት በያቸው። መጀመሪያ እሱን። ከዚያ አደራ ብትሉት ዝናብ ላይ ተኝቶም ቢሆን ይጠብቅላችኋል።»

ጻፈችው፣ እሱ እንዳለው፣ ቃሉን ሳታሳምር። ጽፋ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አልከደነችም።

«ለእርስዎስ ጋሼ? ነግረውዎታል?»

«እስካሁን የነገረኝ የለም» አለ ቀጄላ።

ሲና ብድግ አለች። ወረቀቱን ይዛ ወደ ተሾመች ቢሮ አመራች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ ጠበቀችው። ቀጄላ የጠቀለለውን የሱሪውን እግር አወረደና ተከተላት። ተሾመች ስልክ ላይ ነበረች። ወረቀቱ ፊቷ ሲቀመጥላት ስልኩን ሳትዘጋ አነበበችው፤ ከዚያ ስልኩን ዘግታ እንደገና አነበበችው። ሲናን አየች፣ ቀጄላን አየች።

«ቁጭ ይበሉ ኦቦ ቀጄላ» አለች በመጨረሻ። «እንነጋገር።»

ወንበሩን ራሷ ሳበችለት።